የመንገድ አካፋይ ሙያ

ጥሩ አትክልተኛ የያዘው የመንገድ አካፋይ ከአበባው በፊት በአፈሩ ከፍታ ይታወቃል። አፈሩ ከጠርዝ ድንጋዩ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሚያውቅ ሰው ሠርቷል። የማያውቅ ሰው አፈሩን መሐል ለመሐል ይቆልለዋል፤ ለምረቃ ቀን ያምራል፣ ፎቶም ላይ ይወጣል። የሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ግን ቁልሉ ይናድና አስፋልቱ ላይ ይዘረጋል። ከአስፋልቱ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ይገባል፣ መውረጃው ይደፈናል፣ ጎርፉም ተመልሶ የሱቆቹን ደጃፍ ያጥለቀልቃል። ችግኙ ሥሩ ተራቁቶ ይቀራል። ዝቅ ብሎ የተደለደለው አፈር ግን የወረደለትን ሁሉ ይይዛል፤ ከጠርዙ ውጭ አንድ ጠብታ ጭቃ አይወጣም።

ይህን ልዩነት ለማየት ከአትክልት ተራ ወደ ጎጃም በረንዳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ በእግር መሄድ ይበቃል። ቀስ ብሎ፣ ዓይንን ወደ መሬት ጥሎ ነው መሄድ ያለብን። አትክልት ተራ ዛሬ ስሙን የሰጠው ንግድ አብሮት የለም። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ሙዙና ብርቱካኑ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ በገባ ሰሞን ወደ ጃን ሜዳ ተወሰደ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጃን ሜዳ ለጥምቀት መለቀቅ ስለነበረበት ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተሻገረ። ስሙ ግን ከቦታው አልተነሳም። የታክሲ ረዳቱ ዛሬም ይጠራዋል፤ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚመላለሰው ቀላል ባቡርም እዚህ የሚቆምበትን ጣቢያ በዚሁ ስም ይጠራል። ጣሊያን የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ ፊት አንስቶ ወደ ምዕራብ ካዛወረው ወዲህ፣ በፒያሳና በመርካቶ መካከል የሚመላለሰው ሰውና ዕቃ ሁሉ የሚረግጠው ይህንን አካባቢ ነው። ተሸካሚው ጆንያውን በትከሻው፣ ባለ ጋሪው ካርቶኑን ቆልሎ፣ አይሱዙው ጭነቱን አዝሎ ያልፋል። በዚህ ግርግር መሐል አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያላት የአፈር መስመር ላይ ቅጠል አለምልሞ ማቆየት ቀላል ነገር እንዳይመስለን።

መጀመሪያ አካፋይ ለምን እንደሚሞት መረዳት ያስፈልጋል። መንገድ ሲሠራ ከታች ገረጋንቲ ይፈሳል፤ ሮለር ይሄድበታል፣ ውሃ እየተረጨ ደግሞ ይጠቀጠቃል። ለአስፋልቱ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሥራው ሲያልቅ በሁለቱ ጠርዞች መካከል የሚቀረው ክፍተትም ያው የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ነው። ከላዩ አንድ ስንዝር የማይሞላ ቀይ አፈር ይደፋበትና ችግኝ ይተከልበታል። ችግኙ ክረምቱን በደስታ ያሳልፋል። ጥቅምት ሲገባና ዝናቡ ሲቆም ሥሩ ወደ ታች ውሃ ፍለጋ ይሄዳል፤ ገረጋንቲው አያስገባውም። ወደ ጎን ይዞራል፤ እዚያም የጠርዙ ኮንክሪት ያግደዋል። በግራና በቀኝ አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ መልሶ ይተፋበታል፤ ሌሊት ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይጠብቀዋል። ጥር ላይ የቆመው ደረቅ እንጨት ነው። ብዙ ጊዜ ሰው በግዴለሽነቱ ይወቀሳል፣ በጎችና ፍየሎችም ይወቀሳሉ። የሞቱ መነሻ ግን መሬት ውስጥ ነው ያለው፤ ችግኙ የተፈረደበት ገና ሳይተከል ነው።

ስለዚህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ክፍል ዓይን የማያየው ነው። ዶማና አካፋ ይዞ ገረጋንቲውን ቢያንስ እስከ ጉልበት ድረስ ማውጣት፣ ከሥሩ ያለውን ጠጣር መሬት በመቆፈሪያ መፈረካከስ፣ ከዚያ ቀይ አፈርን ከበሰበሰ ፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር አዋህዶ መመለስ። ኮትቻ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ሥሩን ይበጣጥሳል፣ ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ያበሰብሰዋል። ይህን ቁፋሮ በሚገባ የሠራ ሰው ሥራው ፎቶ አይነሳም፤ ስሙም አይጠራም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አካፋዮች አንዱ ለምልሞ አንዱ ገጥጦ ስናይ፣ የዚያን ሰው ክንድ እያየን ነው።

ኮምፖስቱን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል። አትክልት ተራ በደራበት ዘመን የጎመን ቅጠሉ፣ የበሰበሰው ቲማቲም፣ ሙዙ ተጠቅልሎበት የመጣው ቅጠል በየዕለቱ በመኪና እየተጫነ የከተማው ቆሻሻ ሁሉ ወደሚሄድበት ወደ ቆሼ ይጓዝ ነበር። ከተማዋ ለአካፋዮቿ የምትፈልገውን ምግብ በገዛ እጇ ስትጥል ኖራለች ማለት ነው። እርጥብ ተረፈ ምርት ብቻውን ቢከመር ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል፤ ደረቅ ቅጠልና ገለባ እየተነባበረበት፣ በየጊዜው እየተገላበጠ ከተያዘ ግን በአዲስ አበባ አየር ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የጫካ አፈር የሚሸት ነገር ይሆናል። ገበያው አሁን ባለበት በሃይሌ ጋርመንትም ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው፤ ይህንን ለማድረግ ዛሬም አልረፈደም።

አሁን ወደሚታየው ሥራ ልምጣ። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የቁጥቋጦ አጥር አከረካከም ነው። በአዲስ አበባ አካፋዮች ላይ በብዛት የሚታየው ዱራንታ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ መቀስ ይችላል፣ ቢጫው ዓይነት ደግሞ ከሩቅ ያበራል። ችኩል ሠራተኛ ከላይ ጀምሮ ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል። ለጊዜው ግድግዳ ይመስላል። ነገር ግን የላይኛው ቅጠል ፀሐዩን ሁሉ ስለሚወስደው የታችኛው ይራቆታል፤ በዓመቱ እግሩ ገጥጦ ግንዱ ይታያል፣ በግንዶቹ መካከል ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይሰገሰጋል። የሚያውቅ እጅ አጥሩን እንደ ደመራ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ልዩነቱ ከዳር እስከ ዳር ሁለትና ሦስት ጣት ብቻ ስለሆነ ያልተነገረው ሰው አያየውም። የታችኛው ቅጠል ግን ያየዋል፤ ፀሐይ ደርሶታልና እስከ መሬት ድረስ ለምልሞ ይቀመጣል።

በአትክልት ተራ፣ ከታክሲ መያዣው ፊት ለፊት ባለው መስመር ላይ ይህንን ሥራ የምትሠራ ሴት አለች፤ ስትሠራ ቆሞ ማየት ትምህርት ነው። ሁለት ችካል ትተክልና ሲባጎ ትወጥራለች። ሲባጎውን እንደ ግምበኛ በጣቷ ነካ አድርጋ ለቀቅ ታደርገዋለች፤ ንዝረቱ ሲቆም መስመሩ ልክ ነው ማለት ነው። ከዚያ ተንበርክካ ከታች ወደ ላይ ትከረክማለች። በየመሐሉ ከወገቧ ሞረድ ታወጣና የመቀሱን ስለት ሁለት ሦስት ጊዜ ታስመታዋለች። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ በሁለተኛው ቀን ሄዶ የተቆረጠውን ቅጠል ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ዶልዶም መቀስ ቅጠሉን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ጠርዙ ተበጣጥሶ ይነጫል፣ አጥሩ በሙሉ ከሩቅ የተለበለበ ይመስላል። የእሷ ግን ቁርጡ ንጹሕ ነው፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴው አልጠፋም። ወፍራሙን ቅርንጫፍ ስታገኝ መቀሱን ትታ በትንሿ መግረዣ ትይዘዋለች፤ ከእንቡጡ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ውሃ እንዳይተኛበት አግድም ሳይሆን ዘንበል አድርጋ ትቆርጠዋለች። ለጎማ፣ ለጡሩምባና ለጭስ በተሰጠ ቦታ ላይ ለአንድ እንቡጥ ይህን ያህል ጥንቃቄ ማድረግ ትልቅ ክብር ነው።

ያንን መስመር የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ። በመሐሉ መተላለፊያ አለው። በብዙ ቦታ አካፋይ ሲለማ በሽቦ ወይም በብረት ይታጠርና ሰው እንዳይረግጠው ይከለከላል። ሸክም ያዘለ ሰው ግን ሁለት መቶ ሜትር ዞሮ አይሄድም፤ ሽቦውን ይጫነዋል፣ ብረቱን ያጣምመዋል፣ በሁለት ወር ውስጥ አጥሩም አትክልቱም የለም። እዚህ ግን በእግረኛ ማቋረጫው ትክክል ሰፋ ያለ ክፍተት ተትቷል፤ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከአፈሩ እኩል ሆነው እንዲቀመጡ ተደርገዋል፣ እግር የሚያደናቅፍ ጫፍ የላቸውም። ስፋቱ የተለካው ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው ሳይሆን ጆንያ በትከሻው ለያዘ ሰው ነው። በክፍተቱ ግራና ቀኝ እሬት ተተክሏል፤ እሾሁ ማንንም አይጎዳም፣ ግን ሰው ወደ ጎን እንዳይሰፋ በጨዋ ደንብ ይነግረዋል። አንድ ተሸካሚ ጎንበስ ብላ የምትሠራውን ሴት «እማማ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ» ሲላት፣ ቀና ሳትል «እለፍ ልጄ፣ ድንጋዩን ረግጠህ እለፍ» ትለዋለች። ሰውየው ድንጋዩን ረግጦ ያልፋል። አንድም ቅጠል አልተረገጠም። ይህ ክፍተት ባይኖር ኖሮ የሁለቱ ሰዎች ሥራ በየቀኑ ይጋጭ ነበር።

በዚያው ክፍተት አጠገብና በአካፋዩ ጫፎች ላይ የተተከለው ሁሉ ከጉልበት በታች ነው። ይህም ሆን ተብሎ ነው። ሾፌሩ ወደ መንገዱ የሚገባውን ልጅ ማየት አለበት፤ ልጁም መኪናውን። ማሳመር ብቻ ያሰበ ሰው ጫፉ ላይ ረጅሙንና ደማቁን ተክል ያቆማል፣ ምክንያቱም ከሩቅ የሚታየው ጫፉ ነው። ሙያ ያለው ሰው ረጅሙን ወደ መሐል ያስገባል። ቦገንቪሊያንም እዚህ አይተክልም። ቦገንቪሊያ ለግንብ አጥር የተፈጠረ ውበት ነው፤ አካፋይ ላይ እሾሃማ ክንዱን ወደ መንገዱ እየዘረጋ የሞተር ነጂውን ፊት ይቧጭራል።

ስለ ውሃ አጠጣጥ ደግሞ ሰው ብዙ አያስብም። በበጋ ውሃው የሚመጣው በቦቴ ነው፤ የቦቴው ጎማ ሲለቀቅ ግፊቱ ኃይለኛ ነው፣ በቀጥታ ከተደገነ አፈሩን ቆፍሮ ሥሩን ያወጣዋል። አንዳንድ አካፋይ ደግሞ የሞተው ውሃ አጥቶ ሳይሆን እንዲህ ባለ ውሃ ተገርፎ ነው። መላው ቀላል ነው፦ የጎማውን አፍ በጆንያ ቁራጭ ጠፍሮ ማሰር። ውሃው በጆንያው ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ ይሰበርና ለስለስ ብሎ ይወርዳል። አጠጪዋ ጎማውን ከሥር አስጠግታ መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ውሃው ማቆር ሲጀምር ወደሚቀጥለው ታዛውረዋለች። ካለፈች በኋላ ተመልሳ ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ትከታለች። ጣቷ ጫፉ ላይ እርጥበት ካላገኘ ውሃው ላዩን ብቻ ነው ያራሰው፤ እንደገና ትጀምራለች። በየቀኑ ላይ ላዩን ከመርጨት በሳምንት አንድና ሁለት ቀን በጥልቀት ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳልና ቦቴው የቀረ ሳምንት ተክሉ አይሞትም። ሰዓቱም ጠዋት ማለዳ ነው፤ ቀትር ላይ የሚፈሰው ውሃ ግማሹ የሚጠቅመው አየሩን ነው።

ምን ይተከል በሚለው ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። የለስላሳ ሣር ምንጣፍ ዓይን ይማርካል፤ ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለ እረፍት ውሃ የሚጠይቅ ነገር በጠባብ አካፋይ ላይ ማንጠፍ፣ ቤቱ ቧንቧ በተራ ለሚመጣለት ነዋሪ አይገባውም። የእኛው ሰርዶ ቢደርቅም አይሞትም፤ ዝናብ ሲነካው ይነሳል። የጥብስ ቅጠል ለአካፋይ የተሰጠ ይመስለኛል፤ ድርቅ ይችላል፣ መቀስ ይወዳል፣ የአውቶቡስ ንፋስ በነካው ቁጥር ሽታውን ይለቃል። ከዚያ ቀጥፎ ወደ ድስት መውሰድ ግን አይገባም፣ የጎዳናው ጭስ ሁሉ ቅጠሉ ላይ ነው ያለው። ዘንባባ ግርማ አለው፣ ጥላው ግን ለሰው አይደርስም። ጃካራንዳ ሲያብብ ከተማውን ይለውጠዋል፤ ሥሩ ግን ጠባብ ቦታ ላይ ጠርዙን ያነሳዋል። ወይራ ታጋሽ ሰው ይፈልጋል፤ በዝግታ ያድጋል፣ ግን የተከለውን ሰው ዕድሜ ሁሉ አልፎ ይቆማል። አረም ሲነቀል ደግሞ የአደይ አበባን ቡቃያ ለይቶ መተው የሚያውቅ ሠራተኛ አለ፤ ነሐሴ ላይ ዝርክርክ የሚመስለው መስመር ለመስቀል ቢጫ ለብሶ ይወጣል። ዘሩ ከረገፈ በኋላ ነው የሚታጨደው፤ ቀድሞ ከታጨደ የሚቀጥለው መስከረም ባዶ ነው።

ከተማዋ ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከተጀመረ አንስቶ፣ ለመንገድ ዳርና ለአካፋይ ከዚያ በፊት ያልነበረ ትኩረት ሰጥታለች። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ከአትክልት ተራ ጥቂት ራመድ ብሎ ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው ጎዳና በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ተመረቀ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ጀምሮ ብዙ መንገዶችን ለወጠ። በእነዚህ አዳዲስ መስመሮች ላይ የጠርዝ ድንጋዩ አገጣጠም፣ መብራቱና የአበባ መደቡ ጥራት አለው፤ ይህንን ማየት ያስደስተኛል። መሥራት ግን የጀማሪው ድርሻ ነው፤ ሥራውን የምንፈትነው በሦስተኛው ዓመት ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1967 የአትክልት ከተማ ለመሆን ስትነሳ ከተከላው ጎን የጥገናውን ሥራ የሚይዝ ቋሚ አካል አቋቁማ ነው የዘለቀችው።

የእኔ ሐሳብ ያለው ከዋናው ጎዳና ይልቅ በየመንደሩ ባሉት አካፋዮች ላይ ነው። በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች መካከል የሚያልፉት መንገዶች ሲሠሩ አካፋይ ነበራቸው። ብዙዎቹ ዛሬ የአሸዋና የጠጠር መደፊያ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የአረም ቦታ ናቸው። ሆኖም ነዋሪው ራሱ የያዛቸው አሉ። አሮጌ ጎማ ቆርጠው፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ቀብተው፣ እሬትና ጌራንየም ተክለውበት፣ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ሳይሆን የታጠበ አትክልት ውሃ እያጠጡ የሚያኖሩት። ጎማው ሲቆረጥ ጠርዙ እንዳይቆራርጥ ወደ ውስጥ መታጠፉን፣ ከሥሩ ውሃ ማስወጫ መበሳቱን ላየ ሰው፣ ይህንን የሠራችው ጎረቤት ባለሙያ ናት። ክፍያ የላትም፣ ማንም አልላካትም፤ በረንዳዋ ላይ ቆማ የምታየው ነገር እንዲያምር ፈልጋ ነው።

ወደ ዋናው መንገድ ስንመለስ፣ እዚያ የምናያቸው አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ብዙ እናቶችን ወደ ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ሥራ አምጥቷል። ሲገቡ ብዙዎቹ መቀስ ይዘው አያውቁም፤ አንዳንዶቹ ግን ከገጠር የመጡ ናቸውና ስለ አፈር ከማንኛውም ሥልጠና በላይ የሚያውቁት አለ። የትኛው አፈር እንደሚጠጣ፣ የትኛው እንደሚተፋ ሲነኩት ያውቁታል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አንዷን ሠራተኛ በአንድ መስመር ላይ ያቆዩዋት። ዛሬ እዚህ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቦታ የምትመደብ ሴት የከረከመችው አጥር እግሩ ሲለመልም አታይም፤ የቆረጠችው እንቡጥ በየትኛው አቅጣጫ እንደበቀለ አታውቅም፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የምታርመው ነገር የላትም። ያቺ ከአትክልት ተራው መስመር ላይ ሲባጎ የምትወጥር ሴት ያንን ሁሉ የተማረችው ክረምትና በጋን በዚያው አፈር ላይ ስላሳለፈች ነው። ጥቅምት ላይ የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚደርቅ ታውቃለች፤ ቦቴው ሲመጣ ጎማውን መጀመሪያ የምታስቀምጠው እዚያ ነው።